ሞራ የጠጣው ምንሽር

ትናንት ከምሳ በኋላ የበግ ወጥ የተሠራበትን ድስት ሳጥብ፣ የአሰላ የቧንቧ ውኃ በረዶ ነውና፣ ሞራው ጣቶቼ ላይ ረግቶ በሳሙናም አልለቅ አለኝ፤ ደክሞኝ ስለነበር እጄን እንደዘረጋሁ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ሽታው ሳላስበው ወደ በቆጂ፣ ወደ አባቴ ምንሽር ወሰደኝ።

አባቴ ገለታ ከውትድርና ሲመለስ ይዞት የመጣው ያ አሮጌ ጠመንጃ ከእኛ ከልጆቹ ይበልጥ ይታመም ነበር። ብርድ በገባ ቁጥር ማቀባበያው አልከፈት ይላል፤ በግድ ቢከፈትም ምላጩ ሲሳብ ጥይቱ አይፈነዳም። አባቴ በጋቢው ጠቅልሎ ወደ ጋሽ ቱሉ ይወስደዋል፣ እኔም እከተለዋለሁ። ጋሽ ቱሉ የጦር ሜዳ ጓደኛው ነው፤ ገበያው ዳር ፕሪመስና ብስክሌት ይጠግናል፣ ጠመንጃ የሚነካው ግን ለአባቴ ብቻ ነበር። ማቀባበያውን መዝዞ ጆንያ ላይ ይፈታታዋል፣ ውስጡ ያለውን ስፕሪንግ በላምባ ያጥባል፣ በጨርቅ ያደርቃል፣ መልሶ ይገጥምና ጆሮውን አስጠግቶ ባዶውን ይስባል።

“አንተ ገለታ፣ ምላጩ ምንም አልሆነም። ስፕሪንጉን ያሰረው ሞራህ ነው። ብርድ ላይ ሞራ ድንጋይ ነው፤ ለጫማህ ተወው አላልኩህም?”

“ቱሉ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም” ይላል አባቴ፤ በዓመቱ ግን ያንኑ ይቀባል፣ ሞራ የተቀባ ብረት ያበራላ! በዚህ ያልሳቀ የበቆጂ ሰው አልነበረም።

ሁለቱ ወታደር ሳሉ ቃል ተገባብተው ነበር፤ ቀድሞ የሞተውን የቀረው በሦስት ጥይት ሊሸኘው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ጋሽ ቱሉ ታሞ ሞተ። ከመተኛቱ በፊት ምንሽሩን አጥቦ ሰጥቶት ስለነበር አባቴ ያን ዓመት ሞራ አላስነካውም። በቀብሩ ቀን ጠዋት ግን አባቴ ሲያለቅስ አየሁና፣ ጋሽ ቱሉ በሚያበራ ጠመንጃ ይሸኝ ብዬ፣ እሱ ሲመዝዝ እንዳየሁት ማቀባበያውን መዝዤ ከላይም ከውስጥም ሞራ ለቀለቅሁት።

መቃብሩ ላይ ጭጋግ ነበር። አባቴ በስንት ትግል አቀባበለ፣ ምላጩን ሳበ፤ ቀጭ። ደግሞ አቀባብሎ ሳበ፤ ቀጭ። ከኋላዬ አንድ ሰውዬ “መጨረሻ ላይ የቱሉ እጅ ደክሞ ነበር መሰለኝ” አለ። አባቴ ሰምቶታል። ማቀባበያውን ከፍቶ በጣቱ ነካው፣ ጣቱን አሸተተ፣ ቀና ብሎ በዓይኑ ፈለገኝና አገኘኝ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

“የቱሉ እጅ ምንም አልሆነም። ሞራ የቀባሁት እኔ ነኝ።”

ሁሉም አመነው፤ በለቅሶ መሃል የሳቁም ነበሩ። ከዚያ ወዲያ የጓደኛውን ቃል ያልፈጸመ ሰው ሆኖ ኖረ። ቀብር በሄደ ቁጥር “ገለታ፣ ዛሬም ቀባህ?” እያሉ ሲቀልዱበት አብሯቸው ይስቃል፣ እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ልነግረው ስንት ጊዜ ጀምሬ አንድም ቀን አልጨረስኩም። በመጨረሻ ሕመሙ ጊዜ “አባባ፣ ያን ቀን እኮ…” ስለው “ተይው ልጄ፣ አልቋል” ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ምንሽሩን ለመንግሥት አስረክበናል፤ እሱ አልናፈቀኝም። ዛሬ ስልሳ ዓመት አልፎኛል፣ ልጆች አሳድጌአለሁ፣ የስንቱን ጥፋት ተሸክሜአለሁ፣ ደክሞኛል። የእኔን ጥፋት እያወቀ በሰው ፊት “የእኔ ነው” የሚልልኝ ሰው ግን ከአባቴ ወዲህ አላገኘሁም።