መርዶ ያልያዘ ሩጫ

ስትሮጡ ያያችሁ ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ ጠይቋችሁ ያውቃል?

ዛሬ ጠዋት ሱሉልታ ላይ ቱታ የለበሱ ሴቶች እርጥብ ባሕር ዛፍ በሚሸተው መንገድ ሲሮጡ ዞሮ ያያቸው አልነበረም። እኔ ግን በልጅነቴ፣ እዚሁ መንገድ ላይ፣ ለትምህርት ቤት ውድድር ስለማመድ የሆነው ትዝ አለኝ። ስሮጥ ያዩኝ ጎረቤቶች መርዶ የያዝኩ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። እናቴም ደረቷን እየደቃች ደረሰች። ሽማግሌው ጎረቤታችን ኦቦ ጉርሙ በዱላቸው መንገዱን ዘጉብኝ።

«ልጄ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም። ነገ ውድድር አለብኝ።»

«ታዲያ ማን አባረረሽ?»

ጎረቤቶቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። እናቴ ግን፣ «ሰፈሩን አስለቀስሽ! ሁለተኛ አትሮጪም!» ስትል እንባዬ መጣ።

ኦቦ ጉርሙ ትንሽ አሰቡና፣ «ተዪያት፣ ትሩጥ» አሏት። «በእኛ ጊዜ የሚሮጥ ሰው ክፉ ወሬ ነበር የሚያመጣው። አንቺም ልጄ፣ ሰው እንዳይደነግጥ እየሳቅሽ ሩጪ።»

በማግስቱ ሸራ ጫማዬን እናቴ አጥባው ደጃፍ ላይ አገኘሁት።

ዛሬ ስፖርት ሳስተምር የሚገርመኝ ይህ ነው፦ ሩጫው ያው ሩጫ ነው፤ የተለወጠው የሚያየው ሰው ነው። መቼ እንደተለወጠ አላውቅም። እስቲ እናንተም ሞክሩት፤ በቤታችሁ ያሉትን ትልቅ ሰው፣ ለመሮጥ ብላ ብቻ የምትሮጥ ሴት መጀመሪያ ያዩ ቀን ምን እንደመሰላቸው ጠይቋቸው።