ነጩ ሰውዬና የበየዳው ገብስ

አልጣሽ ደባርቅ ተቀምጣ ሠላሳ ዓመት ጠልፋለች። የጠለፈችው ሁሉ ግን የሰው ሐሳብ ነው። የቀሚሱን ጥልፍ ባለቀሚሷ በስልኳ ታሳያታለች፤ የመጎናጸፊያውን መስቀል ቄሱ በእርሳስ ነድፈው ይሰጧታል፤ እሷ መርፌዋን ይዛ መከተል ነው። አንድም ቀን «አንቺስ ምን ትወጃለሽ?» ያላት የለም። ዓይኗ ደክሟል፣ ወገቧ ደክሟል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እሺ ማለት ታክቷታል።

ዘንድሮ ካልሲ መጣ። የጠላፊዎቹን ማኅበር የምታስተባብረው ሊድያ ወንፊት የመሰለ ጨርቅ፣ የሱፍ ክርና አንድ ንድፍ ይዛላት መጣች። «የፈረንጅ ገና ካልሲ ነው፤ ልክ እንደ ንድፉ ይጥለፉልኝ» ብላ በጥድፊያ ሄደች። ንድፉ ላይ ያለው ከበረዶ ክምር የተሠራ፣ በአፍንጫው ቦታ ካሮት የተሰካበት ነጭ ሰውዬ ነው። ሥራ ፈት ካልሆነ በቀር በረዶ ሰብስቦ ሰው የሚያደርግ ማን እንደሆነ አልጣሽ አልገባትም። እሷ የምታውቀው በረዶ የትውልድ አገሯን የበየዳውን ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች በአንድ ከሰዓት የአባቷን ገብስ ከመሬት አነጠፈው። በዚያው ዓመት ደባርቅ አክስቷ ዘንድ ተላከች፤ ተመልሳም በየዳ አልኖረችም።

ቢሆንም ሰውዬውን ከነካሮቱ ጠለፈችው፤ ቀዳዳ እየቆጠረች፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ። ሲያልቅ አንድ ነገር ከነከናት። ካልሲ ጥንድ ነው፤ ንድፉ ያለው ግን ለአንድ እግር ብቻ ነው። ሊድያ ስልክ አታነሳም። ጨርቅና ክር ተርፏል። አልጣሽ ለሁለተኛው እንዲህ አድርጊ የሚላት ስታጣ ደነገጠች፤ መርፌዋን ይዛ ግማሽ ቀን ተቀመጠች። ከዚያ ከጣቱ በኩል በቢጫ ጀመረች። ቢጫው ገብስ ሆነ፤ በረዶ ያልመታው፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ገብስ። ነጩን ክር ሰውዬው ስለጨረሰባት ማሳው ዳር ያቆመችው በግ ሰማያዊ ወጣ፤ እሱንም እንዳለ ተወችው። ያን ሳምንት ወገቧን አላሰበችውም። ደስ ብሏት ነበር።

ሊድያ መጥታ ሁለቱን ስታይ ሳቀች።

«እትየ አልጣሽ፣ ይሄ እኮ እግር ላይ አይደረግም። ስጦታ ተሞልቶበት ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው። አንድ ብቻ ነው የሚፈለገው።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ለሌሎቹ ጠላፊዎች ክር አጥሮብናል። አንዱን ይተርትሩት፤ ነገ ክሩንም ካልሲውንም እወስዳለሁ።»

«እሺ» አለች አልጣሽ።

በማግስቱ ጠዋት ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ወጥታ ሁለቱን ጭኗ ላይ ዘረጋቻቸው። መርፌዋን ወደ ገብሱ አቀረበች። ያ ገብስ ሲወድቅ ቁጭ ብላ ለሁለተኛ ጊዜ ልታይ ነው። እጇ እምቢ አላት። ከዚያ የካሮቱን ክር በመርፌዋ ጫፍ መዘዘችው። ሰውዬውም ካሮቱን ተከትሎ መስመር በመስመር ተተረተረ። የሦስት ሳምንት ድካሟ ነውና ለእሱም አዘነችለት።

ከሰዓት በኋላ ሊድያ ስትመጣ የተጠቀለለውን ነጭ ክርና ባለገብሱን ካልሲ ሰጠቻት። የሊድያ ፊት ተለዋወጠ።

«የታዘዘው እኮ ነጩ ሰውዬ ነው!»

«አንዱን ተርትሪ አልሽኝ፤ ተረተርሁ።»

«ይሄን ያዘዙት ሰዎች ካልወደዱት ዳግመኛ ሥራ አይሰጡዎትም፣ እትየ።»

«አውቃለሁ ልጄ። ደክሞኛል።»

ሊድያ ካልሲውን ቦርሳዋ ውስጥ ልትከተው አለችና መልሳ አወጣችው። ቢጫውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«የማን ማሳ ነው?»

«የአባቴ» አለች አልጣሽ። «በረዶው ሳይመጣ።»