ዲናሞዬን የፈቱልኝ ሰውዬ

ሙሽራዋን እህቴን ላጅባት ሁለት ሰዓት ሲቀረኝ፣ ከአባቴ የወረስኳት አሮጌ መኪና ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቀጥ አለችብኝ። ባትሪዋ ባዶ ነው። አስገፍቼ እሪ በከንቱ ሰፈር ያለ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ጋራዥ አስገባኋት። መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ዲናሞው አይሞላም፤ በእግዚአብሔር ይድረሱልኝ!» ብዬ መፍቻ አስያዝኳቸው።

መፍቻውን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ጀመሩ። እጁን ታጥቦ ሥራ የሚጀምር መካኒክ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዲናሞውን ፈትተው የቆሸሸውን ሲሞርዱ፣ መኪናዋን «አይዞሽ፣ ጨረስኩ» ይሏታል። እኔ በስልኬ አበራላቸዋለሁ።

እንደገና አስገፍቼ ሞተሩ ሲነሳ የባትሪው ቀይ መብራት ጠፋ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

«እጅዎ ይባረክ! ስንት ዓመት ሠሩበት?»

«ከራሴ መኪና በቀር የሰው ነክቼ አላውቅም» አሉ። «እኔም ባለ ጋራዡን እየጠበቅኩ ነው።»

አፌን ከፍቼ እንደቆምኩ፣ ቱታ የለበሰ ሰው ያበጠ ጉንጩን ደግፎ እያቃሰተ ገባ።

«ዶክተር! እኔ ፒያሳ ክሊኒክዎ በር ላይ ጥርሴን ይዤ ስጠብቅዎ፣ እርስዎ እዚህ ነዎት?»