በርበሬ ተራ ያገኘሁት ምስክር

የደረቀ በርበሬ ሽታ ሌላውን ሰው ያስነጥሰዋል፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ያባባኛል። ጎረቤቶቼ በርበሬ ሲያሰጡ መስኮቴን ዘግቼ እቀመጣለሁ፤ ምን ላድርግ ታዲያ!

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። የታሪክ ተማሪ ነበርኩ፤ የመመረቂያ ጽሑፌም ከጎጃም ለብሔራዊ ውትድርና ስለ ዘመቱ ልጆች ነበር። አማካሪዬ፣ "ሰነዱን አታገኚውም፤ ሰዎቹን ፈልጊ" አሉኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ የምፈልገው ታላቅ ወንድሜን ነበር። ሰሜን ግንባር ዘምቶ፣ ተመለሰም ሞተም ሳይባል ቀረ። እናታችን ፍኖተ ሰላም ላይ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ከደጅ ብቅ ትል ነበር።

የቀድሞ ወታደሮች ግን አፋቸውን አይከፍቱም። ቴፔን ሳወጣ፣ "ድምፃችንን ለማን ነው የምትቀጂው?" ይሉኛል። ፈርተው ነው፤ ማን ይፈርድባቸዋል! በመጨረሻ ቡሬ ገበያ፣ በርበሬ ተራ፣ አንድ አሥር አለቃ ጠቆሙኝ። ጆንያ ላይ ተቀምጠው በርበሬ ይለቅማሉ። ቴፑን ትቼ የወንድሜን ስም ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ።

"የሱ እህት ነሽ? አቤት መመሳሰል! ነፍሱን ይማረው፣ እኔው ነኝ በእጄ አፈር ያለበስኩት። ተዝካሩን አወጣችሁለት?"

መርዶው እንዳልደረሰን የገባቸው ፊቴን ሲያዩ ነው። "ወይ እኔ! ምነው ምላሴን በቆረጠው ኖሮ!" አገራችን መርዶ እንዲህ አይነገርም፤ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያ መሐል ማን ተረድቶ ያውቃል? እንባዬ ሲወርድ አላፊ አግዳሚው፣ "በርበሬው ነው፣ ውሃ ስጧት" ይላል። ኋላ አማካሪዬ፣ "ግሩም ምንጭ ነው ያገኘሽው" አሉኝ። ምን ያውቃሉ እሳቸው!

የዚያኑ ዕለት ፍኖተ ሰላም ተመልሼ ለአጎቴ ነገርኩት፤ እሱ ሽማግሌ እስኪያሰባስብ ትንፍሽ ማለት አልችልም። ማታ ከእናቴ ጋር ራት ቀረብኩ።

"የኛን ልጅ የሚያውቅ አላገኘሽም?"

"ገና ነው እማዬ።"

ያቺን ጉርሻ እንዴት እንደዋጥኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሲነጋ አረዷት። እንዴት እንደጮኸች አልነግርህም፤ አልችልም። ለቅሶው ጋብ ሲል ጠርታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ማን ቀበረው?"

ነገርኳት።

"አምጪልኝ" አለች።

አሥር አለቃው አንገታቸውን ደፍተው መጡ፤ የምትረግማቸው መስሏቸዋል። ምሳ ቀረበ። እንግዳ ማስታጠብ የኔ ሥራ ነበር፤ እናቴ ግን ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ቀማችኝ። ቀስ እያደረገች አስታጠበቻቸው። በነጠላዋ አደረቀችላቸው። ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን ይዛ አገላብጣ ሳመቻቸው።

"በዚህ እጅ ነው ልጄን አፈር ያለበስከው?"

"አዎ እናቴ።"

እጆቻቸውን ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘቻቸው። ወጡ ቀዘቀዘ፤ እሷ ግን አልለቀቀቻቸውም።