እትዬ አየሁሽን የተሸከምን ዕለት

እትዬ አየሁሽ ቢቸና ተወልደው ከሞጣ የአምስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ወዳለው ወደ እኛ መንደር በትዳር የመጡ አልቃሽ ነበሩ። ግጥም ሲደረድሩ ድንጋይ ያስለቅሳሉ። እግሮቻቸው ግን ከጉልበት በታች አብጠው ነበር፤ ዝሆኔ የሚሉት በሽታ ነው። በረጅም ቀሚስ ሸፍነው፣ እያነከሱ፣ ሦስት መንደር አቋርጠው ለቅሶ ይደርሳሉ። በቅሎ ሲቀርብላቸው "ለታመመ ስጡ" ይላሉ። ጎረቤታቸው ባንቺዓለም ውኃ ልቅዳልዎ ስትላቸው "እጄን ምን ነካው?" ብለው እንስራቸውን ያነሳሉ።

በ1997 ሐምሌ እግራቸው ቆሰለና ትኩሳት ጣላቸው። ዝናቡ መንገዱን ስለዘጋው መኪና አይገባም። ሞጣ ጤና ጣቢያ ልናደርሳቸው ቃሬዛ ይዘን ቤታቸው ስንሄድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

"ሬሳ አይደለሁም። ሂዱ!"

ቢያድግልኝ የሚባል ገበሬ አልጋቸው አጠገብ ተንበረከከ። አባቱ ሲሞት ያለቀሱለት እሳቸው ነበሩ።

"እትዬ፣ ያን ቀን በዚህ እግርዎ ቁልቁለቱን ወርደው መጡልን። እኛ አይምጡ አልንዎት?"

ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። እጃቸውንም ሰጡት።

ሦስት ዳገት ሳንጨርስ ትከሻችን ዛለ። የሚቀጥለው መንደር አፋፍ ላይ ስንደርስ ግን ወንዶች ጋቢያቸውን አደግድገው ቆመው አገኘን። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። "አምጡ፣ የእኛ ተራ ነው" ብለው ተቀበሉን። ከዚያም በሚቀጥለው መንደር፣ ከዚያም በሌላው እንዲሁ ሆነ። መንገዳችን ላይ ያለው ወንዝ ሞልቶ ነበር። የማላውቃቸው ሰዎች እስከ ደረታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው፣ ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ ቃሬዛውን ከእጅ ወደ እጅ በራሳቸው ላይ አሻገሩት። እትዬ አየሁሽን ከወንዙ አንዲት ጠብታ አልነካቸውም። እኛ ገና ከወዲህ ነበርን።

ከወዲያ ማዶ የእትዬ አየሁሽን ድምፅ ሰማን፦

"ስንቱን ሸኝቼ ነበር በገዛ እግሬ ሄጄ፣
በቁሜ ሸኙኝ ዛሬ አንስተው ከደጄ።"

የተሸከሙት ወንዶች እየሳቁ አለቀሱ።

ሞጣ ጤና ጣቢያ ሰርካለም የምትባል ነርስ በሳፋ ውኃና ሳሙና አቀረበች። እትዬ አየሁሽ ቀሚሳቸውን ጨብጠው "ልጄ፣ ይሸታል፤ እኔው ላጥበው" አሏት። እሷም "መጀመሪያ እኔ ላሳይዎት፣ ከዚያ እርስዎ" አለቻቸው። ቀሚሳቸውን ቀስ ብለው ለቀቁ። ሃያ ዓመት ማንም ያልነካውን እግር፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር፣ እንደ ሕፃን እግር አጠበችው። እሳቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀመጡ። በሦስት ሳምንታቸው ቁስሉ ደረቀ፤ እብጠቱም ጎደለ።

ከተመለሱ በኋላ ውኃውን ባንቺዓለም ትቀዳለች፤ እግራቸውን ግን ራሳቸው ያጥባሉ። በቀጣዩ ጥቅምት ከማዶ መንደር እንደ እሳቸው ያበጠ እግራቸውን የሚደብቁ ሁለት ሴቶችን አስጠሩ። ግቢያቸው ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እኛ ሁላችን እያየን፣ በሳፋ ውኃና ሳሙና አስቀርበው ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡና "ኑ፣ ከእኔ ጀምሩ" አሏቸው።