ያልጨረስሁት ሲጋር

ባለፈው ወር የአባቴን ቤት ስከፍት ቁልፉ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎኝ በሦስተኛው ዞረ። ከአርባቸው ወዲህ ማንም አልገባበትም ነበር። በሩን ስገፋው ሽታ ወጣ፤ የብራና፣ የአፈር ወለል፣ ከጣና የሚነሣ እርጥበት። ሠላሳ ዓመት ዜና ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ያየሁትን በቅደም ተከተል መያዝ ለምጃለሁ። ያን ጊዜ ግን ደጃፉ ላይ ቆሜ የሸተተኝን መለየት አቃተኝ። ትዝ ያለኝ ሲጋር ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ደግሞ ትምባሆ ጨሶ አያውቅም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ዘመኑ የደርግ ነበር፤ እኔም የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት። የቀበሌያችንን የግድግዳ ጋዜጣ እጽፍ ነበር። አባቴ ከሐይቁ ገዳማት በአንዱ ሲያስተምሩ የኖሩ የቅኔ መምህር ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት መጽሐፍ ካነበቡ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ሞራውን ያወጣላቸው በከተማችን ሆስፒታል ይሠራ የነበረ የኩባ ዶክተር ነው። ፋሻው በተፈታ ቀን መጀመሪያ ያዩት የራሳቸውን እጅ ነበር። አገላብጠው አዩትና «አርጅቷል» አሉ። ቀጥለው ዳዊታቸውን አምጣ አሉኝ።

ለምርመራ በተመለስንበት ቀን ዶክተሩ ከጋዋኑ ኪስ አንድ ሲጋር አወጣ። አውራ ጣት ያህል ይወፍራል፤ ወረቀት የለውም፤ ቅጠል በቅጠል ተጠቅልሎ እንደ ተወለወለ ቆዳ ያብረቀርቃል። ከኩባውያን ጋር ሠርታ ቋንቋቸውን የለመደች ነርስ ታስተረጉም ነበር።

«የሞቱት አባቱ የጠቀለሉት ነው ይላል። የቀረው ይኸ አንዱ ነው። አባቱ የጠቀለሉትን ሁሉ አስቀድመው የሚያስቀምሱት ለመንደሩ ሽማግሌ ነበር አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት አገሩ ይገባል፤ ከዚያ በፊት እርስዎ ቀምሰው እንዴት እንደሆነ እንዲነግሩት ይለምንዎታል።»

አባቴ ደነገጡ። በእኛ ዘንድ ትምባሆ ከአርዮስ መቃብር የበቀለ ቅጠል ነው ይባላል፤ የሚያጨስ ሰው ቅኔ ማኅሌት አይቆምም። የሚሰጣቸው ደግሞ ብርሃናቸውን የመለሰላቸው ሰው ነው። ተነሥተው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

ዶክተሩ አጫጫሱን በእጁ እያሳየ አስረዳ። ጢሱ ወደ ሳንባ አይገባም፤ አፍ ውስጥ ቆይቶ ይወጣል። አመዱ አይራገፍም። ሲጋሩ ሦስት ክፍል አለው፤ መጀመሪያው፣ መካከሉና መጨረሻው ለየቅል ናቸው። ኃይሉ ያለው መጨረሻው ላይ ነው።

«እንደ ዘአምላኪየ በሉኛ!» አሉ አባቴ። ሦስት ስንኝ ያለው የቅኔ ዓይነት ነው። ነርሷ ይህን ማስተርጎም አቅቷት ሳቀች።

ሲጋሩ ቤታችን መስኮት ላይ አደረ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አባቴ ጠሩኝ።

«አንተ ታጨሰዋለህ።»

«እኔ? አባባ፣ ሰው ቢያየኝስ?»

«ደንገሉ ውስጥ ግባ። ሳልቀምስ ቀመስሁ አልለውም፤ ስጦታህን ጣልሁት ብዬም አላሳፍረውም። ልጄ ቀምሶ ነገረኝ እለዋለሁ። ኃጢአቱ የእኔ ነው፣ ንስሐውንም እኔ እገባለሁ። አንተ ያገኘኸውን ሳትጨምር ሳትቀንስ አምጣልኝ። እንደዚያ እንደ ግድግዳ ጋዜጣችሁ እንዳታደርገው ብቻ! እዚያ ላይ የማያድግ ነገር የለም።»

ሐይቁ ዳር ደንገሉን ገፍቼ ገባሁና አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች፤ ውሃው ድንጋዩን ቀስ እያለ ይመታል። ማስታወሻ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ሲጋሩን ለኮስሁ። መጀመሪያው እንደ ጌሾ መረረኝ፤ ከዚያ ምላሴን እንደ ቁንዶ በርበሬ ቆነጠጠኝ። ከመራራው በስተኋላ የአዲስ ማኅደር ቆዳ ሽታ ነበረው። ጻፍሁ። መካከሉ ላይ ለዘበ፤ የተቆላ ገብስ ሆነ፤ ጢሱን ስተፋው ከሰፈፉ ጋር እንደ ታኘከ ማር ያለ ነገር አፌ ውስጥ ቀረ። አመዱ ሳይረግፍ ጣት አክሏል። ይህንንም ጻፍሁ።

ከዚያ ሐይቁ ወደ ጎን ዘመም አለ። እጄን ላብ አጠመቀው፣ ጆሮዬ ጮኸ። ድንጋዩን ይዤ አስታወክሁ። ቀና ስል የቀረው የሲጋሩ ሲሶ ከጣቶቼ አምልጦ ውሃው ላይ ጭስስ ሲል ሰማሁ።

አባቴ ደጅ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ሁለቱን ክፍል ከደብተሬ አነበብሁላቸው፤ ቃል በቃል ከአፌ እየተቀበሉ ደገሙት።

«ሦስተኛውስ?»

ወደቀብኝ ማለት ነበረብኝ። ለምን እንዳላልሁ እስካሁን አልገባኝም። «መጨረሻውማ» አልሁ፣ «ተዘግቶ የከረመ ቤት ሲከፈት የሚወጣው ሽታ አለው።» ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። አባቴ ገና የዳኑትን ዓይኖቻቸውን ጨፈኑ። «ይኸ ጥሩ ነው» አሉ።

ለዶክተሩም እንደዚያው ነገሩት፤ ልጄ ነው የቀመሰው ብለው ጀምረው። ስለ ጌሾው ነርሷ ስታስረዳው ፈገግ አለ፤ በገብሱና በማሩ ራሱን ነቀነቀ። ሦስተኛው ላይ ፈገግታው ጠፋ። ወደ መስኮቱ ዞሮ ረጅም ነገር ተናገረ፤ እንባው በጉንጩ ወረደ።

«ትክክል ነው ይላል» አለች ነርሷ።

«ያ ሁሉ ንግግር ትክክል ነው ማለት ብቻ ነው?» አልኋት።

«በቃ እሱ ነው» ብላ አቀረቀረች። ዶክተሩ የአባቴን ትከሻ ስሞ ወጣ። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የነፍስ አባታቸው ስግደት አዘዙባቸው። በየማለዳው የጉልበታቸውንና የመዳፋቸውን ድምፅ ከጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሥራዬ ያላየሁትን ጽፌ አላውቅም። ሰዎች ጠንቃቃ ነው ይሉኛል።

አምና አባቴ ዓይናቸው ዳግመኛ ጠፍቶ አልጋ ላይ ሳሉ «ያን ሲጋር እስቲ ንገረኝ» አሉኝ። ጀመርሁ። ገብሱን ሳስቀድም «አይደለም፣ ጌሾው ነው የቀደመው» ብለው አረሙኝ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ቆምሁ።

«አባባ፣ ሦስተኛውን አልቀመስሁትም። ውሃ ውስጥ ወደቀብኝ። የነገርሁዎት ከራሴ ነው።»

እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ወዲያ ወዲህ አለ።

«እንግዲያ እኔ ለዚያ ሰው ውሸት ነገርሁት?»

«በእኔ ምክንያት።»

ተግሣጹን ጠበቅሁ።

«አልቅሶ ነበር እኮ» አሉ።

«አዎ።»

«እስቲ ያን የዋሸኸውን ድገምልኝ።»

ደገምሁላቸው። እጄን ፈልገው ያዙት።

እና ባለፈው ወር እዚያ ደጃፍ ላይ ደብተሬን አውጥቼ ጻፍሁ፤ ብራና፣ አፈር፣ እርጥበት። ቀጥዬ የሲጋሩ መጨረሻ እውነት እንዲህ ይሸት እንደሆነ ልጽፍ ስል እጄ ቆመ። አልቀመስሁትም። ሦስተኛውስ ብሎ የሚጠይቀኝም አልነበረም። ሽታው ወጥቶ እንዳያልቅ በሩን መለስ አድርጌ ደጅ ተቀመጥሁ።