ዘውድ ጠባቂዋ ደንገል ውስጥ

ከወረታ የተነሳነው ቅዳሜ ማለዳ ነበር። ልጆቼ ሕይወትና በረከት ትምህርት ቤት ስለ ጣና ገዳማት ከሰሙ ወዲህ፣ «ነገሥታቱ ዘውዳቸውን ያስቀመጡበትን ደሴት አሳዪን» እያሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተውኛል። ሕይወት ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በረከት ሰባት። አባታቸው የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከቤት ብዙ አይገኝም። እኔ ደግሞ ያደግሁት ወንዛዬ ነው፤ ከፍል ውኃው በቀር ውኃ አላውቅም፤ ሐይቅ እፈራለሁ። ቢሆንም ቃል ገብቻለሁ። የመንገዱን ሰላም ጠይቄ፣ ሴት የሚገባበት ደሴት መሆኑን አጣርቼ፣ የሩዝ እንጀራ በሽሮ ጠቅልዬ ወጣን።

ባጃጃችን አስፋልቱን ለቆ ወደ ሐይቁ የሚወስደውን ጥርጊያ መንገድ ያዘ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። ግራና ቀኙ ሩዝ ብቻ ነው፤ ዘለላው ከብዶት ወደ መንገዱ አዘንብሏል። ውኃ ያቆረው መስክ ላይ ላሞች እስከ ጉልበታቸው ገብተው ይግጣሉ። ጭቃው ሁለት ቦታ ያዘንና ወርደን ገፋን። በረከት ግን ባጃጁን የንጉሥ ሠረገላ፣ ጭቃውን የጠላት ወጥመድ አድርጎት ነበርና ደስታውን አልቻለውም።

ሐይቁ ላይ

ጀልባው የአያ ደሴ ነው፤ ጠና ያሉ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሐይቁ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው።

«አያ ደሴ፣ ማዕበል ይኖር ይሆን?» አልኳቸው።

«አሁን ተኝቷል። ተሰዓት በኋላ ነው እሚነሣው፤ ቀድመን እንመለሳለን።»

«እኛ እኮ ዋና አንችልም።»

«እኔም እምብዛም» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እስክንደርስ ድረስ የልጆቼን ልብስ ጨምድጄ ይዤ ዓይኔን ከጀልባው ወለል አላነሳሁም።

ደሴቱ

የገዳሙን ዕቃ ቤት የሚጠብቁት አባ በሩን ከፍተው የብራና መጻሕፍትና አንድ የዛገ ዘውድ አሳዩን። ሕይወት ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ «አባ፣ ጠላት ሲመጣ የት ይደብቁት ነበር?» አለቻቸው።

«አባቶቻችን እንደነገሩን፣ በክፉ ቀን በሰሌን ጠቅልለው ውኃ ዳር በሚበቅለው ደንገል ውስጥ ይሸሽጉት ነበር፣ ልጄ» አሏት።

ከዚያ ወደ አንድ የፈረሰ የድንጋይ ግንብ ወጣን። ጣሪያ የለውም፤ ግድግዳው ላይ ሾላ በቅሎበታል። ልጆቹ ወዲያው ጨዋታ ጀመሩ። በረከት በወደቀ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነገሠ። ሕይወት ከሣር ዘውድ ጎንጉና ዘውድ ጠባቂ ሆነች። እኔን ጠላት አደረጉኝ።

«ዓይንሽን ጨፍኝ፣ እማ! ጠላት ገና ወንዙን አልተሻገረም!»

ጨፈንሁ። ደክሞኝም ስለነበር ትንሽ ቆየሁ። ስነሳ ንጉሡን ከግንቡ ጀርባ አገኘሁት። ሕይወትን ግን አጣኋት። ሾላው ሥር፣ ደጀ ሰላሙ ዘንድ፣ በጓሮው በኩል ዞርሁ። የለችም። ነፋሱ መነሳት ጀምሯል። «ሕይወት! በቃ ጨዋታው አልቋል፣ ነይ!» ብዬ ጮህሁ። ደግሜ ጮህሁ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ።

አያ ደሴ ከውኃው ዳር እጃቸውን እያርገበገቡ ሽቅብ መጡ።

«ዝም በይ፣ እባክሽ! ጉማሬ አለች ደንገሉ ውስጥ። ግልገል ይዛለች።»

በረከትን በእጄ እንደያዝሁ ተከትያቸው ወረድሁ። አያ ደሴ በመቅዘፊያቸው ጠቆሙኝ። በደንገሉ መካከል የሕይወት ቢጫ ሹራብ ይታያል። ቁጢጥ ብላለች። ከእሷ አለፍ ብሎ እርጥብ ቋጥኝ የመሰለ ነገር አለ። ቋጥኙ ተነፈሰ። ጆሮው ተርገበገበ።

ልሮጥ ስል አያ ደሴ ክንዴን ያዙኝ። «ከሮጥሽ ትነሳለች። ልጅቱ በራሷ እግር፣ ቀስ ብላ ትምጣ። ጥሪያት፤ ግን እንዳትጮሂ።»

«ሕይወት» አልሁ። አንገቷን እንኳ አላዞረችም።

በረከት ቀሚሴን ጎተተኝ። «እማ፣ የንጉሡ መልእክተኛ ካልመጣ አትወጣም፤ ምላለች። ቃሉ ‹ጎርፉ ጎደለ› ነው።»

እመቤቴን ጠራሁና፣ ተረት እንደሚያወራ ሰው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጀመርሁ።

«ዘውድ ጠባቂ ሆይ፣ ከንጉሡ ተልኬ መጥቻለሁ። ጎርፉ ጎደለ። ዘውዱን ይዘሽ ውጪ። የጠላት ዘበኛ ከጀርባሽ ተኝቷልና እንዳትቀሰቅሽው።»

ሕይወት ተነሳች። የሣር ዘውዷን ደረቷ ላይ ይዛለች። አንድ እግሯን አነሳች፤ ደንገሉ ተንኮሻኮሸ። ጉማሬዋ ራሷን አዞረች። ልጄ ባለችበት ደረቀች።

«ንጉሡ ይጠብቅሻል» አልኋት፤ ጥርሴ እንዳይንገጫገጭ እየታገልሁ። «እኔን ብቻ እያየሽ፣ ደረቁን እየረገጥሽ።»

መጣች። እጇን እንደያዝሁ አያ ደሴ «አሁን ሩጡ!» አሉ። ግንቡ ጋ ሳንደርስ ከኋላችን ደንገሉ ሲሰባበር ሰማን። ዞር ስል ሕይወት ተቀምጣበት የነበረው ቦታ ተረጋግጦ፣ ጉማሬዋ አፏን ከፍታ ቆማ ነበር።

መመለስ

አያ ደሴ ጀልባውን በሌላው የደሴቱ ወገን አምጥተው አሳፈሩን። ማዕበሉ ተነስቷል፤ ውኃው ፊታችንን ይመታናል። ሁለቱንም ጉያዬ ውስጥ ሸጉጬ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገምሁ። የብስ ስረግጥ ጭቃው ላይ ተቀመጥሁ፤ ማንም ሊያነሳኝ አልቻለም።

ወረታ የገባነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ቤት ደርሰን የሕይወትን እግር ሳጥብ፣ እስካሁን የያዝሁት ቁጣ አመለጠኝ።

«ለመሐላ ብለሽ ነው ስጠራሽ ዝም ያልሽው? ለጨዋታ?»

ውኃውን እያየች ራሷን ነቀነቀች።

«አይደለም፣ እማ። ጉማሬዋን አይቻታለሁ። ስትጮሂ ድምፅሽ ፈርቶ ነበር። ያን ጊዜ እግሬ እምቢ አለኝ። እንደ መልእክተኛ ስትናገሪ ግን ያልፈራሽ መሰለኝ።»

በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ፈርቼ አላውቅም። አልነገርኋትም። ሐይቁን እስካሁን እፈራለሁ፤ ጉዞው ከፍርሃት አላዳነኝም። ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው፦ ልጅ የሚራመደው በእናቱ ድምፅ ላይ ነው። እግሯን አድርቄ አስተኛኋትና፣ በሩን ዘግቼ ጓሮ ወጥቼ አለቀስሁ።